ሽንብራው የጎደለ ቀን

ሰናይት ሁለቱን መንደሪኖች ጠረጴዛዬ ላይ ካስቀመጠች ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እንዳይነካኩ አራርቃ ነው ያስቀመጠቻቸው። እንዲህ ማድረግን ያስተማርኋት እኔ ነኝ።

ሰናይት የእኔን ሥራ የተረከበች ወጣት ናት። ባሕር ዳር በሚገኘው የፍራፍሬ ምርምር መሥሪያ ቤታችን አዲስ ዝርያ ሲወጣ ለሰው አቅምሶ «ይወደዳል» ወይም «አይወደድም» ብሎ የሚጽፍ አንድ ሠራተኛ አለ። ብዙ ዘመን ያ ሠራተኛ እኔ ነበርሁ። አሁን እሷ ናት።

«እትዬ ውባንቺ፣ እነዚህ ዛሬ ጠዋት ከማቀዝቀዣ ክፍሉ የወጡ ናቸው» አለችኝ። «አዲሱ ዝርያ ነው። ክረምት ሲገባ ችግኙ ለገበሬ ሊታደል ነው። የቀመሰው ሰው ሁሉ ወዶታል። እኔ ግን እርስዎ ሳይቀምሱት መፈረም ፈራሁ።»

«የእኔ ምላስ ጡረታ ወጥቷል፣ ልጄ።»

«ምላስ ደግሞ ጡረታ ይወጣል እንዴ?»

ባለቤቴ ስማቸው ከሞተ ወዲህ መንደሪን ልጬ እንደማላውቅ አልነገርኋትም። ገና ዓመቱ አልሞላም። እሷም አልገፋችኝም፤ ከቦርሳዋ አዲስ ደብተር አውጥታ ከፍሬዎቹ አጠገብ አኖረችና፣ «እሺ፣ መቅመሱ ይቆይ። ግን ሥራውን እንዴት እንደሠሩት ይጻፉልን። እኛ ቁጥሩን እንጂ ነገሩን አናውቀውም» ብላ ሄደች።

እናም እየጻፍሁ ነው። በቀስታ ነው የምጽፈው። አንድ ገጽ ስጨርስ በመስኮት ሐይቁን አያለሁ፤ ነፋስ ሲነሣ ደንገሉ ወደ አንድ ወገን ይተኛል፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ደብተሬ እመለሳለሁ። ቁርስ መብላት የረሳሁባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ለአንድ ሰው ምጣድ መጣድ ገና አልለመድሁም።

ሥራ የጀመርሁት በመዝጋቢነት ነው። መጀመሪያ የተመደብሁት ቆጋ በኩል ነበር፤ ቀጥሎ ሐይቁን ዞሬ እንፍራንዝና ማክሰኝት ገበያ ድረስ እየሄድሁ ገዥዎችን እጠይቅ ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ ፍሬን በሚዛን ብቻ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። «ጣዕሙስ ምን ተብሎ ይጻፍ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ጣፋጭ ነው ብለሽ ጻፊ፤ መንደሪን ምን ሊሆን ኖሯል?» አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጣፋጭ ነው እያልሁ ጻፍሁ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ቅጹ ብዙ ነበር። ከዚህ በላይ ስለዚያ ጊዜ የምለው የለኝም።

ከዚያ ጋሽ ንጉሤ መጡ።

ጋሽ ንጉሤ ከአዋሽ በኩል ከብርቱካን እርሻዎች ተዛውረው የመጡ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ቅምሻ በሚኖርበት ቀን ጠዋት ሽንኩርት ያለበት ምግብ አይበሉም፤ ቡናም አይጠጡም። እጃቸውን ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠባሉ። አዲስ ፍሬ ሲሰጧቸው ወዲያው አይቀምሱም። መጀመሪያ በመዳፋቸው ይመዝኑታል። ቀጥሎ ልጣጩን በጥፍራቸው ጫር አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸቱታል። ሲቀምሱም አንድ ፍልቃቂ ብቻ ነው፤ ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ይጉመጠመጣሉ። ከማቀዝቀዣ የወጣ ፍሬ እንደ ቀዘቀዘ ሲቀርብ ካዩ ይቆጣሉ። «ብርድ ጣዕምን ይደብቃል» ይሉ ነበር። «ብርዱ ይውጣለት፤ ከዚያ እውነቱን ይናገራል።»

ሰው ማቅመስን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ለቀማሾቹ ፍሬውን በሳሕን አቅርቤ «እንዴት ነው?» ብዬ ስጠይቅ ቆመው አዩኝ። ሁሉም «ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልን» አሉ። ሰዎቹ ሲወጡ ጠሩኝ።

«ምን አሉሽ?»

«ጥሩ ነው አሉ፣ ጋሼ።»

«አመሰገኑሽ እንጂ ስለ ፍሬው አልነገሩሽም። በእኛ አገር በእጁ ያጎረሰውን ሰው ማን መጥፎ ነው ይለዋል?»

በማግስቱ አምስት ባዶ ጣሳ አመጡ። በየጣሳው ላይ ፊት ሣሉበት፦ አንዱ ጥርሱ እስኪታይ የሚስቅ፣ አንዱ ፈገግ ያለ፣ አንዱ ምንም የማይል፣ አንዱ የከፋው፣ የመጨረሻው ደግሞ ሊያለቅስ የደረሰ። ጣሳዎቹን ከመጋረጃ ጀርባ ደረደሯቸው። ለእያንዳንዱ ቀማሽ በሚቀምሰው ፍሬ ልክ ጥሬ ሽንብራ ይሰጠዋል። ይቀምሳል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ይገባል፤ ፊቱን መርጦ ሽንብራውን ይጥላል። ማንም አያየው፣ ማንንም አያፍር። ማታ ሽንብራው ይቆጠራል። ጋሽ ንጉሤ በየጣሳው ያለውን ብቻ አልነበረም የሚቆጥሩት፤ የሰጠነውና የተመለሰው እኩል መሆኑን ሳያዩ ወደ ቤታቸው አይሄዱም። «ሽንብራው ከጎደለ አንድ ያላወቅነው ነገር አለ ማለት ነው» ይሉ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ቅምሻው ካለቀ በኋላ የተረፈውን ፍሬ በሳሕን አድርገው በሩ አጠገብ ያኖሩታል። «ለመንገዳችሁ ውሰዱ» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮት ያዞራሉ። ግን በመስታወቱ ያያሉ። «ምላስ ይሉኝታ አለው፣ ውባንቺ። እጅ ግን የለውም። ዳግመኛ ወደ ሳሕኑ የተመለሰ እጅ ከመቶ ምስጋና ይበልጣል።»

ባለቤቴን ስማቸውን ያገኘሁት በዚያው ዘመን ነው። የማቀዝቀዣ ክፍሉ ኃላፊ ነበር። ሞተሩን ያውቃል፣ በሩን ይጠብቃል፣ የክፍሉን ብርድና እርጥበት በየሰዓቱ ይመዘግባል። ሥራው ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ወፍራም ካፖርት ይለብሳል። ባሕር ዳር በሚያዝያ ሙቀት ስትቃጠል ካፖርቱን እንደለበሰ ወደ ምሳ ሲወጣ ባጃጅ ነጂዎች፣ «አንተ! በረዶ የት ጣለ?» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም፣ «ሚስት ስታገቡ ትደርሱበታላችሁ» ይላቸዋል፤ ያኔ እሱም ሚስት አልነበረውም። ቅምሻ ባለ ቀን ጠዋት ብርዱ እንዲወጣላቸው ፍሬዎቹን ቀድሞ አውጥቶ ይደረድርልኛል። አንዱን ግን ሁልጊዜ በካፖርቱ ኪስ ይዞ፣ ሙቀት እንዲያገኝ አድርጎ፣ በእጄ ይሰጠኛል። እንዲህ እያልን ተጋባን።

የስማቸው ምላስ እንደ ማንኛውም ሰው ምላስ ነበር። አፍንጫው ግን ሌላ ነው። የክፍሉን በር ከፍቶ አንዴ ሲስብ ከስንቱ ሣጥን መካከል አንዷ ፍሬ መበላሸቷን ያውቃል። ስለ ፍሬ ደግሞ ዋሽቶ አያውቅም። የሠርጋችን ዕለት እናቱ የላኩትን ብርቱካን ቀምሶ «ይኸ ውኃ ነው» ያለ ሰው ነው።

አሁን ለመጻፍ ወደሚከብደኝ ገጽ ደርሻለሁ።

ጋሽ ንጉሤ ጡረታ ወጥተው ሩቅ አገር ልጃቸው ዘንድ ከሄዱ በኋላ፣ አንድ አዲስ የመንደሪን ዝርያ መጣልን። ልጣጩ በቀላሉ የሚለቅ፣ ዘሩ ጥቂት፣ መልኩ የሚያምር። ከዛፍ ተቆርጦ ሲበላ ያልወደደው አልነበረም። ችግሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ መድረሱ ነበር። በጥር ገበያው ይጥለቀለቃል፤ ለፋሲካ ብትፈልጊ ግን አንድም የለም። ስለዚህ ሐሳባችን በማቀዝቀዣ አቆይቶ ለፋሲካ ማውጣት ነበር። የእኔ ሥራ አንድ ጥያቄ መመለስ ነው፦ ይህን ያህል ሳምንት በብርድ ውስጥ የቆየውን ፍሬ ሰው ይወደዋል ወይ?

መልሱን ከሁሉ አጥብቀው የሚጠብቁት አቶ ይበልጣል ነበሩ። አቶ ይበልጣል ከሐይቁ ዳር ጥሩ መሬት ያላቸው አዛውንት ገበሬ ናቸው። ዝርያውን ከማንም ቀድመው ተክለው ነበር፤ የዚያን ዓመት ምርታቸውን በሙሉ በጀልባ ጭነው አምጥተው ለስማቸው ክፍል አስረክበውታል። ከመንደሪኑ ጎን አባታቸው የተከሉት አሮጌ የብርቱካን ዛፎች አሏቸው። «ቆይቶም የሚወደድ ከሆነ» አሉኝ፣ «ብርቱካኑን ነቅዬ መሬቱን ሁሉ ለመንደሪን አደርገዋለሁ። አንቺ ያልሽኝን እሰማለሁ፣ ልጄ።»

ቅምሻው ሲደርስ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ከቀማሾቼ አብዛኞቹ ጾመኞች ናቸው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አይቀምሱም። እኔም ስማቸውም እንደዚሁ። እንዳይቸገሩ ብዬ ቅምሻውን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አደረግሁት። በጎ ማድረጌ ነበር። ጥሬው ሽንብራ ነቅዞ ስላገኘሁት ደግሞ ከሱቅ የተቆላ ገዛሁ። የበሩን ሳሕን ተውሁት፤ ፍሬው ለፋሲካ እንዳያንስ ሰስቼ።

ሰዎቹ ከተለያየ ቦታ መጡ፤ ከፋብሪካ፣ ከኮሌጅ፣ ከቢሮ፣ ከገበያ። አፋቸው ደርቆ፣ ከንፈራቸው ነጥቶ ነበር። ቀመሱ። ፊታቸው በራ። ከዚያን ቀን በፊት እንዲህ ያለ ቅምሻ አላየሁም። የሚስቀው ጣሳ እየሞላ ሲሄድ ሽንብራው ሲንኳኳ ከመጋረጃው ወዲህ ይሰማኝ ነበር።

ፊቷ ያልበራ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ዘይነባ ትባላለች፤ ከወረታ የመጣ የነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ገበያ ውስጥ ፍራፍሬ ትሸጣለች፤ እኔም ደንበኛዋ ነኝ። ረመዳን በዚያ ዓመት ገና ስለነበር እሷ ምሳዋን በልታ ነው የመጣችው። ፍልቃቂውን አፏ ውስጥ ትንሽ አቆየችውና፣

«ውባንቺ፣ ይኸ ፍሬ መልኩ ሙሽራ ነው፤ ውስጡ ግን አርጅቷል» አለችኝ።

«አይ ዘይነባ! ገና ከአሁኑ ልታረክሺው ነው?»

«ወላሂ ዛሬ ለንግድ አልመጣሁም።»

ከኋላዋ ተራ የሚጠብቀው የኮሌጁ ጥበቃ ሳቀ። «እሷ ማር ብትቀምስም ቅናሽ ትጠይቃለች!»

«አንተ ደግሞ ዛሬ ሬት ቢያቀምሱህ ማር ነው ትላለህ» አለችው፤ ሁላችንም ሳቅን። ገብታ ሽንብራዋን ስትጥል፣ ባዶ የነበረው የከፋው ጣሳ ሲንኳኳ ሰማሁ። እኔ በወረቀቴ ጠርዝ «ነጋዴ ናት» ብዬ ጻፍሁ፤ የእሷንም ድምፅ ለብቻ አወጣሁት።

ማታ ስንቆጥር ሽንብራው ጎደለ። ብዙ ጎደለ። መጋረጃውን ገልጠን ወለሉን ፈለግን፤ የለም። ሽንብራውን በእጁ ይዞ ከመጋረጃ ጀርባ ገብቶ ማንም ሳያየው ቆርጥሞት የወጣ ሰው ነበር ማለት ነው፤ አንድ ብቻም አይደለም። ስማቸው እስኪያነባ ሳቀ። እኔም ነገሩን ለሳምንት ያህል በቢሮ እንደ ቀልድ አወራሁት። ጋሽ ንጉሤ ያሉት ትዝ አላለኝም።

በማግስቱ ስማቸው ሳቁን ትቶ መጣ። «ውብዬ፣ ያ ክፍል ጥንስስ ጥንስስ እያለኝ ነው።»

«የምን ጥንስስ?»

«የጠላ። ከመንደሪኑ ሣጥን በኩል ነው። በጣም ቀጭን ነው፤ ግን አለ።»

«ጾሙ ነው። አንተ ጠላ አምሮህ ነው።»

«አፍንጫዬ ሲጾም አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አንድም የተበላሸ ፍሬ የለም፣ ስማቸው። ሰው ሁሉ ወዶታል። ቁጥሩ ይኸው።»

ወረቀቱን አየው። ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም። ቁጥር የእኔ ሥራ ነው ብሎ ያከብረኝ ነበር፤ ያ አክብሮቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«ይወደዳል» ብዬ ጻፍሁ። አቶ ይበልጣልም ሰሙ።

ፋሲካ ደረሰ። ሣጥኖቹ ወጡ። ሰው ዶሮውን በልቶ፣ ሥጋውን በልቶ፣ ጠግቦ መንደሪን ላጠ። በሦስተኛው ቀን ዘይነባ ቢሮዬ ድረስ መጣች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የተመለሰላትን ፍሬ በዘንቢል ይዛ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረችው። መልኩ እንደ ሙሽራ ነው።

«ቅመሺው» አለችኝ።

ቀመስሁት። ጭማቂው አለ፤ ጣዕሙ ግን ሄዷል። ወደ ኋላ ላይ ያ ጥንስስ የሚመስለው ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

«ሰው እያላገጠብኝ ነው። አንዱ፣ ‹ዘይነባ፣ ጠላ መጥመቅ ጀመርሽ ወይ?› አለኝ። ለእኔ! ለሙስሊሟ!» አለችና ራሷ ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም።

ለጋሽ ንጉሤ ስልክ ደወልሁ። ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ፣ ቁጥሩን ሁሉ አነበብሁላቸው። ጨርሼ ስጠብቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ሽንብራው ሞላ?»

«ጎድሎ ነበር፣ ጋሼ። ሰዎቹ በሉት። የተቆላ ስለነበር…»

«ስንት ሰዓት ላይ አቀመስሻቸው?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«በጾም?»

«በጾም።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሽንብራ የሚቆረጥም ሰው ተርቧል፣ ልጄ። አንቺ የጠየቅሽው ጨጓራቸውን ነው» አሉኝ። «አንዲት የጠገበች ነበረች አልሽኝ አይደል? እሷን ደግሞ አወጣሻት።» አላባበሉኝም፤ አልሰደቡኝምም። ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት፣ «እኔም አንድ ጊዜ አጥፍቻለሁ። ገበሬው ዘንድ በእግርሽ ሂጂ እንጂ ደብዳቤ አትላኪ» አሉኝ።

ስማቸው «ብቻሽን አትሄጂም» አለኝ። በጀልባ ተሻገርን። ሐይቁ ጸጥ ያለ ነበር፤ ይብራ ወፎች በውኃው ላይ ተኝተዋል። ካፖርቱን ረስቶት መጥቷል፤ ያለ እሱ ሳየው ያነሰ መሰለኝ።

ደረስን። የአባታቸው ብርቱካን የነበረበት ቦታ ተቆፍሯል። ግንዶቹ ተቆርጠው አጥሩ ሥር ተከምረዋል፤ ቅጠላቸው ገና ሙሉ በሙሉ አልደረቀም። አቶ ይበልጣል ከጉድጓዶቹ መካከል ቆመው ነበር። የገበያው ወሬ ቀድሞን ደርሷል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኋቸው። «ፍሬው አልበደለም፤ እርስዎም አልበደሉም። የተራበ ሰው አቅምሼ ይወደዳል ብዬ ጻፍሁ። ባለቤቴ ሸቶት ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም።»

አቶ ይበልጣል ወደ ግንዶቹ ክምር ዞሩ። «እነዚህን አባቴ ሲተክል ውኃ ያቀበልሁት እኔ ነበርሁ» አሉ፤ ሌላ ነገር ስለ ብርቱካኑ አልተናገሩም። ከዚያ ወደ መንደሪኑ ዞረው፣ «ይህንም ቆርጬ እገላገላለሁ» አሉ።

«አንድ ዓመት ይስጡኝ» አልሁ።

«ስንት ዓመት ልስጥሽ፣ ልጄ? እኔ ስንት ቀረኝ?»

ይኼኔ ስማቸው ነው የተናገረው። «አባቴ፣ ክፍሉን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ፍሬው የታመመው ከመቆየት ብቻ አይደለም፤ እኔም ብርዱን አብዝቼበት ይሆናል፤ ልጣጩ እንዲያብረቀርቅ የቀባነው ሰምም ትንፋሽ ነሥቶት ይሆናል። በሚቀጥለው ጥር በየሳምንቱ ሣጥን ከፍቼ አሸታለሁ። መሽተት በጀመረ ቀን ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ። ካላመኑኝ ያን ጊዜ መጥረቢያውን እኔ እይዝልዎታለሁ።»

ሽማግሌው አዩት። «አንተ ነህ ካፖርት የምትለብሰው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኛ መንደር ድረስ ስምህ ተሰምቷል» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ዛፎቹ ቆዩ።

ቀጣዩ ዓመት ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የምወደው ነው። ስማቸው ብርዱን ትንሽ አላላው፤ ሰሙን ተወው፤ በየሰኞው አንድ ሣጥን ከፍቶ አፍንጫውን ያስገባል። እኔ ጥሬ ሽንብራ ገዛሁ። ቀማሾቹን ቁርሳቸውን ካልበሉ አላስገባም አልሁ፤ ጾም ከገባም ጾመኛ አላቀምስም፤ ዘይነባንና ጎረቤቶቿን እጠራለሁ። ዘይነባ መጀመሪያ ላይ፣ «የነጋዴ ድምፅ ይቆጠራል እንዴ?» እያለች ተጫወተችብኝ። የበሩን ሳሕን መለስሁ። ከወር ብዙም እስካላለፈ ድረስ እጆች ወደ ሳሕኑ ይመለሱ ነበር። ከዚያ በኋላ አፍ እያመሰገነ እጅ መቅረት ጀመረ። በዚያው ሳምንት ስማቸው ከክፍሉ ወጥቶ፣ «ጀምሯል» አለኝ። ወረቀቴን አሳየሁት። ሁለታችንም አንድ ቀን ላይ ደርሰናል።

ለፋሲካ አይደርስም ብዬ ጻፍሁ። የአለቆቼን ደስታ አላየሁም፤ ግን እውነት ነበር። አቶ ይበልጣልም ግማሹን ከዛፍ፣ ግማሹን ከወር ቆይታ በኋላ እየሸጡ ኖሩ። በብርቱካኑ ቦታ መንደሪን አልተከሉበትም። እስከ ዛሬ ጎመን ነው የሚዘሩበት።

ስማቸው ሲታመም አቶ ይበልጣል መንደሪኑን በየሳምንቱ በጀልባ ይልኩለት ነበር። መድኃኒቱ አፉን አመረረው። ልጬ ስሰጠው አንድ ፍልቃቂ ይበላና፣ «ጣፋጭ ነው» ይለኛል። የእናቱን ብርቱካን ውኃ ነው ያለ ሰው! እጁን አያለሁ፤ እጁ አይመለስም። ለብዙ ቀን እያወቅሁ ዝም አልሁት። አንድ ቀን ጠዋት ግን አልቻልሁም።

«ስማቸው፣ እኔን ነው የምታታልለኝ? እኔን?»

ፈገግ አለ። «ምላሴ ሞቷል፣ ውብዬ። ጨው ይሁን ስኳር አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ታስልጠኝ ነበር?»

«አፍንጫዬ እኮ አለ» አለኝ። «አንቺ ስትልጪው ክፍሉ ሁሉ ይሸታል። እኔ ከዚያ በላይ ምን አደርግበታለሁ? ላጪልኝ፤ አንቺ ብዪው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻው በየጠዋቱ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ላጥሁለት። ልጣጩን ወደ እሱ አጎንብሼ እሰብረዋለሁ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይስበዋል፤ እኔ እበላለሁ። የመጨረሻዋን ስልጥ አልሳበም።

ይህን ጽፌ ብዙ ሰዓት ቆየሁ። ካፖርቱ አሁንም በሩ ጀርባ ተሰቅሏል።

ከዚያ ተነሥቼ እጄን ታጠብሁና አንደኛውን የሰናይትን መንደሪን አነሣሁ። በመዳፌ መዘንሁት። ልጣጩን ጫር አድርጌ ዓይኔን ጨፍኜ ሳብሁ። ጥንስስ የለውም። ላጥሁት። ክፍሉ ሸተተ፤ ትንሽ አለቀስሁና አንድ ፍልቃቂ ቀመስሁ። ጣፈጠኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ጣፈጠኝ። አንደኛውን ጨረስሁት። ሳላስብ እጄ ወደ ሁለተኛው ሄደች፤ ሄዳ ስትነካው አየኋትና ደስ አለኝ።

ያን ጊዜ ግን የጋሽ ንጉሤ «በጾም?» የሚለው ጥያቄ ትዝ አለኝ፤ እጄን መለስሁ።

ሰናይት፣ ልጄ፣ የዛሬውን ቃሌን አትመዝግቢው። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመስሁም ነበር። ገበሬው በእኔ ርሃብ ዛፍ እንዲተክል አልፈልግም። ሁለተኛውን ለነገ አስቀምጨዋለሁ፤ ጠዋት ምጣዴን ጥጄ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ከዚያ እቀምሰዋለሁ።